የክርስትናዬ ሰማንያ ባሕር ዛፎች

ታላቅ ወንድሜ ታደሰ የበደለኝ፣ መሐል ሜዳ ስምንተኛ ክፍል ስማር፣ አባታችን ባረፈ በዓመቱ፣ ለጥምቀት ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ይህን የምጽፈው ረስቼው ኖሮ ድንገት ትዝ ብሎኝ አይደለም። ሰሞኑን የቁም ሳጥኔ በር እርጥበት ገብቶት ጠርዙ ተላጠና ቺፕውዱ እንደ ረጠበ ቆሎ አብጦ ወጣ፤ ጠጋ ብዬ ባሸተው ከሙጫው ሥር የባሕር ዛፍ ሽታ ያገኘሁ መሰለኝ።

ቀየት በምትባለው መንደራችን፣ ከቤታችን ጀርባ፣ አባቴ ለልጆቹ ዛፍ የሚተክለው በክርስትናቸው ቀን ነበር። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው የምትጠመቀውና ለታደሰ አርባ፣ ለእኔ ሰማንያ ችግኝ ተከለ። ይህ ነገር ለታደሰ ፈጽሞ አልዋጥልህ አለው። «እሷ በምን ትበልጠኛለች?» ሲል አባቴ «ቀኑን የቆጠርኩት እኔ አይደለሁም፤ ሂድና ቄሱን ጠይቃቸው» ይለው ነበር። አንድ እሑድ የምሩን ሄዶ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም መልሱን ትተው መስቀል አሳልመው ወደ ቤቱ ላኩት።

የእኔዎቹ ከጓሳ ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ በማያገኛቸው ጉድባ ውስጥ ስለነበሩ ቀጥ ብለው አደጉ፤ የእሱዎቹ ድንጋያማው ጠርዝ ላይ ቆመው ነፋሱ ሲገፋቸው እንደ ሽማግሌ ወገብ ጎበጡ። እውነቱን ለመናገር በበጋ ከምንጭ ውሃ ተሸክሞ የእኔንም የሚያጠጣልኝ ታደሰ ነበር። እኔ በቅል የያዝኩትን መንገድ ላይ እያፈሰስኩ እከተለዋለሁ፤ ሲደክመኝ ትከሻው ላይ ያወጣኛል፤ እዚያ ላይ ሆኜ ቅጠሉን በጄ እያሸሁ አሸት ነበር። አባቴ ግንዶቹን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ «እነዚህ ያንቺ ቤት ምሰሶዎች ናቸው። ባል ቢያስከፋሽ መግቢያ አታጪም» ይለኝ ነበር። ያኔ ቁመቴ ከጉልበቱ እምብዛም አያልፍም።

ያን ዓመት ለጥምቀት ከትምህርት ቤት ስመጣ፣ ከሩቅ የለመድኩት ጥቁር ጥላ ቦታው ላይ የለም። ታደሰ በዚያው ወር ሊያገባ ነበርና ለሠርጉ ብሎ ለቺፕውድ ፋብሪካ ግንድ ለሚሰበስብ ነጋዴ ሰማንያዎቹን ሸጧቸዋል። የራሱን አርባ አልነካም። የደረስኩት የመጨረሻው ግንድ መኪና ላይ ሲጫን ነው። ሾፌሩ ጠርዙ ላይ ወደቆሙት ጎባጦች ቀና ብሎ አየ።

«እነዚያንስ ለምን አልሸጥካቸውም?»

«ጠማማ ናቸዋ፤ ማን ይወስዳቸዋል?»

«ለቺፕውድ ጠማማ ምን አለበት? ተፈጭቶ፣ በሙጫ ተለውሶ፣ ተጨፍልቆ ነው የሚጋገረው። እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ምሰሶ ስታስፈጭ እኔም ገርሞኝ ነበር።»

«ታዲያ ቀድመህ አትነግረኝም?»

«መቼ ጠየቅከኝ?»

ታደሰ ያኔ ነው ዞሮ ያየኝ። እኔ አላለቀስኩም። «ግንዱን ሸጥክ፤ ጉቶው የእኔ ነው» አልኩት። «ውሰጂው» አለኝ፣ መሬት መሬቱን እያየ። በሠርጉ ዕለት ከሴቶቹ ሁሉ ረጅሙን እልልታ ያቀለጥኩት እኔ ነኝ።

ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። በየበዓሉ ማጭድ ይዤ እየሄድኩ፣ አባቴ እንዳሳየኝ ከየጉቶው ዋናውን ቀንበጥ አስቀርቼ ሌላውን ቆረጥኩ። አስተማሪ ሆኜ ስቀጠር መሐል ሜዳ ላይ ቤቴን በእነሱ ሠራሁ፤ ዛሬም የምኖርበት ነው። ታደሰ ደግሞ ጎጆውን የቀለሰው በእነዚያ አርባ ጎባጦች ነበር። የጓሳ ሣር ክዳኑ ውኃ ሲጠጣ ቤቱ በየክረምቱ ጥቂት ጥቂት ወደ በሩ አዘነበለ።

አባቴ የተከላቸው ሰማንያዎቹ የየትኛው ቢሮ ጠረጴዛ፣ የማን አልጋ ራስጌ እንደሆኑ አላውቅም። እንግዳ ቤት ስገባ ቺፕውድ ካየሁ ሳይታወቀኝ በጣቴ መታ መታ አደርጋለሁ። የአባቴ መዳፍ የሚያወጣውን ድምፅ አያወጣም። ትከሻው ላይ ያወጣኝ የነበረው ያ ወንድሜም ዛሬ በምርኩዝ ነው የሚሄደው።

ባለፈው ዓመት ምርኩዙን ይዞ መጣ። «እቴ፣ ቤቱ ሊወድቅብኝ ነው። ከጉቶሽ ጥቂት ምሰሶ ስጪኝ» አለኝ።

አሥራ ሁለት አስቆርጬ ሰጠሁት። ጠማማ ጠማማውን መረጥኩለት።