የሶሪቷ ቀይ

ያን የቆርቆሮ ሣጥን ከአልጋው ሥር ስትጎትቺው ተንኳኳ አይደል? ብሩሹ ነው። ክፈችው፣ አይነክስሽም። ሰማያዊው ቀለም አለ፣ ቢጫውም አለ፣ አረንጓዴው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የቀዩ ቦታ ግን ባዶ ነው፤ ቆርቆሮው አፍጦ ይታያል። እኔ ይኼን ሣጥን በከፈትኩ ቁጥር የቡና አበባ ይሸተኛል። ሳቂብኝ፣ ምን ቸገረኝ።

የአባቴ ነው። ግብርና ቢሮ ፖስተር ሠዓሊ ነበር፤ የቡና በሽታ፣ የበቆሎ ተባይ እየሣለ ነው ያሳደገኝ። ለነፍሱ የሚሥለው ግን ወፍ ብቻ ነበር፣ እሱንም በውሃ ቀለም፣ ደጅ ተቀምጦ። የበልግ መጀመሪያ ዝናብ ጠብ ብሎ ቡናው ሲፈነዳ የመቱ ጓሮ ሁሉ ነጭ ይለብሳል፣ ሽታው መኝታ ቤት ድረስ ገብቶ ይቀሰቅሳል። አባዬ ጋቢውን ደርቦ፣ ሣጥኑን በብብቱ ሸጉጦ፣ «ተነሺ እንጂ! ወፎቹ አንቺን ይጠብቃሉ እንዴ?» ይለኝ ነበር። ወደ ሶር ወንዝ በሚወርደው መንገድ ዳር አንዲት ትልቅ ሾላ ነበረች። እሷ ሥር በርጩማው ላይ ይቀመጣል፣ እኔ ከምንጩ ውሃ እቀዳለታለሁ። እርጥብ መሬት ይሸታል፣ ከላይ የወፉ ጫጫታ ጆሮ ያደነቁራል፣ ፀሐዩም በቅጠሉ መሃል እየሾለከ ወረቀቱ ላይ ይጫወታል።

ያልሣለው ወፍ አልነበረም፤ ግንደ ቆርቁሩን፣ ዓሣ አጥማጁን፣ ሁሉንም ሥሏል። ሶሪት ብቻ ቀርታው ነበር። ሶሪት ታውቂያለሽ? አረንጓዴ ናት፣ ፊቷ ላይ ነጭ አላት፣ ቅርንጫፍ ላይ ስትቀመጥ ከቅጠሉ አትለይም። ስትነሣ ግን ክንፏ ውስጥ የደበቀችው ቀይ ብልጭ ይላል፣ ወዲያው ደግሞ ይጠፋል። አባዬ ያን ቀይ ካልያዝኩ አልሥላትም እያለ በየዓመቱ ለከርሞ ሲላት ዓይኑ ቀደመው።

ጅማ ወስደነው ሐኪሙ ፊት ለፊት ነገረን። «የዓይን ግፊት ነው። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም መሄዱ አይቀርም።» ስንመለስ አባዬ በደሌ አውቶቡሱ ሲቆም፣ «ሶሪቷን ሳልሥላት ባይጨልምብኝ ምን ነበረበት» አለ። ለእኔ ሳይሆን ለመስኮቱ ነው ያለው።

በዚያው በልግ ጀመራት። ገላዋን፣ ጉትያዋን፣ ጅራቷን፣ ከበፊት የሚያውቀውንና እኔ የምነግረውን እያገጣጠመ ጨረሰ። ክንፏ ቀረ። ቀዩን ደግሞ የቡና ፍሬ ሲሥል አሟጦታል። ጎረቤታችን ባለሱቁ ጋ ሄድን። «ሂንጂሩ፣ ጋሼ፣ የለም። የበር ቀለም ከሆነ በጋሎን አለኝ።» አባዬ ተናደደ፤ «ወፍ እንጂ በር ልቀባ ነው እንዴ!» ብሎ ጥሎት ወጣ። ጎሬም አስጠየቅን፣ የለም። አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሾፌር ነገርነው፣ እሱም ባዶ እጁን መጣ። የቡናው አበባ ረገፈ። አባዬ በሩ ላይ ትከሻው እየተጋጨ መግባት ጀምሯል፤ እኔ ደግሞ በየጠዋቱ «ዛሬስ ትታይሃለች?» እያልኩ አነዘንዘው ነበር፤ ፈርቼ ነዋ!

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከጓሮ የእናቴ ጩኸት ተሰማ። «ኧረ ጉዴ! ኧረ ደም!» ሮጠን ወጣን። የአባዬን ነጭ ሸሚዝ አንጠልጥላ ቆማለች፤ ከደረት ኪሱ ቀይ ውሃ ወደ ሳፋው ይወርዳል። «ደም እየተፋህ ነው የደበቅኸኝ? አንተ ሰውዬ፣ ልትገለኝ ነው?» አባዬ እየዳበሰ መጣና እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ ያወጣው የሶሪት ላባ ነበር። ከሾላዋ ሥር አንሥቶ ረስቶታል፣ ቀዩም በሳሙና ውሃ ለቆ ወጥቷል። እናቴ እፎይ ብላ እየተራገመች ሳፋውን ልትገለብጥ ስትል አባዬ ጮኸ፤ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። «አትድፊው! የራሷን ቀለም ሰጠችኝ እኮ!»

ከዚያ በኋላ ሾላዋ ሥር ላባ ለቃሚ ሆንኩልሽ። በሳሙና ውሃ ዘፍዝፈን፣ ውሃውን ፀሐይ ላይ አድርቀን፣ የስኒ ቂጥ የምትሸፍን ቀይ አገኘን። አቤት ስታምር!

በማግሥቱ ጠዋት ወረድን። ጉም ነበር፣ ጠበቅን። ጉሙ ሲገለጥ ሶሪቷ ሾላዋ ላይ ናት። «ስትነሣ ንገሪኝ» አለኝ። ብሩሹን ቀዩ ውስጥ ነክሮ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አንጋጦ ጠበቀ። ተነሣች። «አሁን፣ አባዬ! አሁን!» አልኩት። ጎንበስ ብሎ ክንፏ ላይ ሁለቴ አሳረፈው። እጁ ቦታውን ያውቃል፣ አልሳተም።

ወረቀቱን ወደ ፊቱ አስጠጋው፣ ደግሞ ወደ ጎን አዞረው፣ ፀሐዩ ላይ ያዘው። «ቀዩ የታለ?» አለኝ። እዚያው ነው፣ ክንፏ ላይ ነው አልኩት። «ቀይ ነው?» ቀይ ነው፣ አባዬ፣ እሳት የመሰለ ቀይ። ጣቱን ይዤ አስነካሁት፤ ገና እርጥብ ስለነበር ጣቱ ላይ ወጣ። ጣቱን ዓይኑ ሥር አድርጎ ብዙ አየው። «እኔ ጋ ጥቁር ነው» አለ።

አባዬ አላለቀሰም፣ እኔ ግን እዬዬ አልኩ። ብሩሹን አጠበ፣ ሣጥኑን ዘጋ፣ «በይ እንሂድ፣ እናትሽ ትጠብቃለች» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልከፈተውም። በቀጣዩ በልግ የቡናው ሽታ ሲቀሰቅሰን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እስኪሞትም ድረስ ያ ወረቀት የት እንዳለ ጠይቆኝ አያውቅም።

ሾላዋ ተቆርጣለች፣ ቦታው ላይ ቤት ተሠርቶበታል። እኔም ይኸው ማታ ማታ ዓይኔ ውስጥ ጠብታ እያደረግሁ ነው፤ ሐኪሜ የአባቴ ሐኪም ያለውን ቃል በቃል ደገመልኝ። በር ላይ ትከሻዬን ስጋጭ አይተሽኝ ይሆናል።

ያቻትልሽ፣ አልጋዬ ራስጌ የተሰቀለችው። ክንፏ ላይ የአባዬ ጣት አሻራ አለ። ሰሞኑን ሳያት ክንፏ ጠቆር አለብኝ። ላባ ያወጣው ቀለም ነው፣ በዕድሜ ለቆ ይሆናል እላለሁ። እስኪ አውርጂያትና ወደ መስኮቱ ያዢያት፣ አንቺ ደህና ዓይን አለሽ፤ ቀዩ አሁንም...

አይ፣ ተይው። መልሰሽ ስቀያት። አትንገሪኝ።