ባለቤት ያጣው አስራ አንድ አምፔር

በደርግ ጊዜ ነው፣ ቦንጋ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በቀበሌው አዳራሽ ጠመኔ ይዤ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜያለሁ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ግን ተማሪዎቼ አይደሉም። ጠመንጃ የያዙ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች፣ በመሀላቸው ደግሞ እጃቸው የታሰረ የጀነሬተር ሠራተኛ... ጋሽ ወልዴ። ከኋላቸው የቀበሌው ሕዝብ።

በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ስብሰባው ሞቅ ሲል ፊውዙ እየተቃጠለ መብራቱም ድምፅ ማጉያውም ጠፍቷል። ሊቀመንበሩ አሻጥር ነው አሉ። አሻጥር ከተባለ ጋሽ ወልዴ ጅማ ይላካሉ፤ በዚያ ክስ ጅማ ሄዶ የተመለሰ ሰው አላውቅም። እኔ የፊዚክስ መምህር ስለነበርኩ አጣራ ተብዬ ተጠራሁ።

ከትምህርት ቤት ያመጣሁትን አምፔር ሜትር መስመሩ ላይ ገጠምኩ። አምፖሎቹና ድምፅ ማጉያው በሙሉ ሲበሩ ጠቋሚው አራት አምፔር ላይ ቆመ። ፊውዙ አስር ይችላል። ሩብ ሰዓት ጠበቅን... ጠቋሚው ንቅንቅ አላለም።

ሊቀመንበሩ ፈገግ አሉ። «አየህ መምህር፣ እሱ ሲታሰር መብራት አይጠፋም።»

ወዲያው ጠቋሚው ዘሎ አስራ አምስት ላይ ወጣ። ጥቂት ሰከንዶች እዚያው ቆይቶ መብራቱ ጠፋ።

ጋሽ ወልዴ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ሊቀመንበሩ ግን ግብረ አበር አለው፣ ውጭ ሆኖ ሽቦ የሚያነካካ ሰው አለ አሉ።

በመስኮቱ ብርሃን ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ከአስራ አምስቱ አራቱ የአዳራሹ ነው። አስራ አንዱ የማን ነው? ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ለአስራ አንድ አምፔር ሲካፈል ሃያ ኦም። ሽቦ ከሽቦ ቢነካ ኖሮ ሬዚስታንሱ ወደ ዜሮ ይወርድ ነበር፣ ፊውዙም በቅጽበት ይበጠስ ነበር። ስለዚህ ሽቦ ያነካካ የለም። ሁለት መቶ ሃያ በአስራ አንድ ሲባዛ ደግሞ... ሁለት ሺህ አራት መቶ ሃያ ዋት።

እዚህ ላይ እጄ ቆመ። ይህን ያህል የሚበላው የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። በቦንጋ ያየሁት ምድጃ ደግሞ አንድ ብቻ ነው... ከአዳራሹ ጀርባ፣ ሊቀመንበሩ ቢሮ ውስጥ።

«ታዲያ ምንድን ነው ትላለህ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

ብናገር እኔም ከጋሽ ወልዴ ጎን እታሰራለሁ። ዝም ብል እሳቸው ይሄዳሉ።

የጀርባው በር ተከፈተ። የቢሮው ተላላኪ እትዬ አስካለ ማንቆርቆሪያ ይዘው ብቅ አሉ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሻይዎ ዛሬም ሳይፈላ መብራት ጠፋብኝ።»

ከኋላ አንድ ሰው በአካባቢው ቋንቋ በካፊኖኖ የሆነ ነገር አንሾካሾከ፣ ሳል የሚመስል ሳቅ ተከተለው። ሊቀመንበሩ ሰሌዳውን አዩት። ከዚያ ተነስተው ቁጥሩን በመዳፋቸው አጠፉና፣ ጠባቂዎቹን ሳያዩ «ፍቱት» አሉ።

ስንወጣ ጋሽ ወልዴ ገመድ የበላውን እጃቸውን ያሹ ነበር። ምድጃው መኖሩን አያውቁም ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የገጠምኩት እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ይሄ መስመር አይችለውም ብዬ ለሊቀመንበሩ ነግሬያቸውም ነበር። እጄ ከታሰረ በኋላ እንዴት ልድገመው መምህር?»

ለካ እኔ ሰሌዳ ሙሉ ስካፍልና ሳባዛ የዋልኩት፣ ሁለት ሰዎች ቀድመው የሚያውቁትን መልስ ለማግኘት ነው።