ቢላዋው ላይ የቀረው ስብ

አጎቴ ባረፉ በዓመቱ ይህን እጽፋለሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ በራሴ ማንበብ የተማርኩ፣ በስማዳ በቀልድ የሚስተካከለኝ የሌለ ሰው ነኝ። ይህን መጻፍ ግን ከበደኝ።

የቅርጫ በሬ ሲታረድ ጉበቱን የሚያዩት እሳቸው ነበሩ። ሰንጠቅ አድርገው ስብ ቀርቶበት እንደሆነ የቢላዋቸውን ስለት ያያሉ፤ ከዚያ «ንጹሕ ነው፣ ብሉ» ይላሉ። እሳቸው ሳይሉ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር እንኳ እጁን አይሰድም።

አምና ለፋሲካ ደብረ ታቦር ታክመው ገና መመለሳቸው ነበር። ሐኪሙ «ጉበትዎ ላይ መጥፎ ስብ ተጠራቅሞ እየጎዳው ነው፤ ጮማና አረቄ ይተው» ብሏቸዋል።

«ጋሼ፣ እንዲህ ከደለቡማ በሬውን ትተን እርስዎን ነው የምንካፈል» አልኳቸው።

«ተካፈሉኝ! ምላሴን ግን ለዚህ ቀልማዳ እንዳትሰጡት፤ የራሱም በዝታበታለች» አሉና ሰዉን አሳቁት።

በሬው ድልብ ነበር፤ ጉበቱ ገርጥቶ ወጣ። ሲሰነጥቁት ቢላዋው ቅቤ የቆረጠ መሰለ። ስቡን በአውራ ጣታቸው ጠረግ አድርገው ብዙ አዩት።

«የእኔም እንዲህ ሆኖ ነው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

እኔ ጎንበስ ብዬ የራሴን ቢላዋ መሳል ያዝኩ። እሳቸውም ጉበቱን ለውሻ ጣሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጮማም አረቄም አልነኩም፤ ግን ዘግይተው ነበርና ክረምቱን አላለፉም።

ዘንድሮም በሬ ጣልን። ሰዉ ጉበቱን አምጥቶ «በል አንተ እይልን» አለኝ። በእሳቸው ቢላዋ ሰነጠቅሁት፤ ስለቱ ንጹሕ ነበር። ሁሉም አፍ አፌን እያየ ይጠብቃል። በእሳቸው ቦታ ቆሜ «ብሉ» ማለት ግን አቃተኝ።