በነጩ ጋቢ ላይ ያየሁት

ለንስሐ አባቴ የተናገርኩት ብዙ ነው። የጎረቤቴን ድንበር አንድ ትልም ገፍቻለሁ ብያለሁ፤ ፍልሰታን መግደፌንም አልደበቅሁም። ይህን ግን አልነገርኳቸውም። ለሳቸውም ለማንም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ በማታ ትምህርት ስለሆነ ጽሕፈቴ ይንጋደዳል፤ ነገሩ ግን ቀጥ ያለ ነው። እኔ ልጄን ገርፌያታለሁ። የገረፍኳትም እግዜር ሴት ባደረጋት ቀን ነው።

አገሬ ጥርባ ነው። እናቷ ስትሞትብኝ ይታይሽ ገና ትንሽ ነበረች። ሌላ አግባ አሉኝ፤ እምቢ አልኩ። እኔ እምቢ ካልኩ እምቢ ነው። እግሯን አጥቤ፣ ልብሷን ጥፌ፣ ትምህርት ቤት ሰደድኳት። ለሰው ሁሉ እናቷም አባቷም ነኝ እል ነበር፤ እኮራበትም ነበር። እናት ነኝ ያለ ሰው ምን ማወቅ እንዳለበት ማን ጠየቀኝ? እኔስ ማንን ጠየቅሁ?

ይታይሽ ከፍ ካለች በኋላ ነው፤ አንድ ቀን ከጥሊሊ ገበያ ስንመለስ። ድንቹን ሸጠናል። እሷ ሆዴን አመመኝ ስትል ዳማው ፈረሴ ላይ አወጣኋት፤ ኮርቻው እንዳይቆረቁራት ነጩን ጋቢዬን አጥፌ አነጠፍኩላት። እኔ ልጓሙን ይዤ ከፊት እሄዳለሁ። ደጃችን ደርሰን ሳወርዳት ጋቢው ላይ ደም አየሁ።

እዚህ ላይ ያኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። እናቷ የተዳረችልኝ በልጅነቷ ነው። የወር አበባዋን ያየችው እኔ ቤት ከገባች በኋላ ነው። ስለዚህ ያ ደም ከወንድ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ወንድ ያልነካት ልጅ ደም አታይም ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ፤ በአገራችን ስንቱ አባት ልጁን ቶሎ የሚድረው ይህን ፈርቶ ነው። ግን ስንቱ አባት ማለት ምን ያደርግልኛል? አለንጋውን የያዘው ስንቱ አባት አይደለም። እኔ ነኝ።

«ማን ነው?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ።

«ስሙን ጥሪ።»

«የማንን ስም አባዬ?»

የፈረሱን አለንጋ ከኮርቻው ፈታሁ። እኔ ነኝ የፈታሁት። ቁጣዬ በአገውኛ ነው የሚወጣው፤ ያኔ ያልኳትን በአማርኛ ልጽፈው አልችልም፣ በአገውኛም አልደግመውም። ስሙን ጥሪ እያልኩ መታኋት። ስትወድቅ እግሯን አየች። ደሙን ያወቀችው ያኔ ነው። ከአለንጋዬ ይልቅ ደሙ አስደነገጣት።

«አባዬ፣ ልሞት ነው?»

ብትሞች ይሻል ነበር አልኳት። ይህን ያለው ይኸው አፌ ነው፤ ዛሬም እህል የምበላበት።

ጩኸቷን ሰምታ የክርስትና እናቷ ሮጣ መጣች፤ ጎረቤታችን ናት፣ በዕድሜም ታላቄ። ልጅቱን ከጉያዋ ከተተቻት። ጋቢውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።

«አንተ ሞላ» አለችኝ፣ «ይህ ወንድ ባይነካትም ለሴት ሁሉ የሚመጣ ነው። እናትህም እንዲህ ሆና ነው አንተን የወለደች። እሷንስ ማን ነካሽ ልትላት ነው?»

ያኔ ገባኝ። ገብቶኝስ ምን አደረግሁ? ተንበርክኬ እግሯን ሳምኩ? አለንጋውን ሰቀልኩና፣ አለንጋ የቀመሰች ልጅ አትባልግም፣ ለወደፊቱ ይሆናታል አልኩ። ተሳስቻለሁ ማለት አቃተኝ። መግረፉ ባለማወቅ ነው ብትሉኝ እንኳ ይህን ያልኩት እያወቅሁ ነው። ጋቢውን ያጠበችው እሷ ናት፤ ጀርባዋ እንዳበጠ ወንዝ ወርዳ። እኔ ደግሞ ለበስኩት።

ይታይሽ ተማረች፣ አገባች፣ አሁን እንጅባራ የልብስ ሱቅ አላት። ጉልበቴ ሲደክም መጥታ ወሰደችኝ። ያንን ቀን አንስታው አታውቅም። ረሳችው ብዬ ነበር።

ባለፈው ክረምት ልጇን ቤዛን ከጎኗ አስቀምጣ ከፌስታል ሞዴስ አወጣች። እንዲህ ይለጠፋል፣ እንዲህ ተጠቅልሎ ይጣላል ትላታለች። ሆድሽን ሊቆርጥሽ ይችላል፤ ትምህርት ቤት ሳለሽ ከመጣ ሹራብሽን ወገብሽ ላይ እሰሪ፤ ብቻ አትደንግጪ። የደነገጥኩት እኔ ነኝ። ከዘራዬን ይዤ ተነሣሁ።

«ተቀመጥ አባዬ» አለችኝ። «ቤትህ አይደል?»

ተቀመጥኩ። ቤዛ አባባ አፈረ ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች።

«ለአንቺስ ማን ነገረሽ? እናትሽ አልነበረችም።»

አሁን ትናገረዋለች አልኩ። ይታይሽ አየችኝ፤ ሞዴሱን ወደ ፌስታሉ መለሰች።

«አባቴ ነው የነገረኝ» አለች። «አጠገቡ አስቀምጦ ነገረኝ።»

«እውነት አባባ?»

«አዎ» አልኩ።

አዎ አልኩ። ልጅቱ ጉልበቴን ሳመችኝ፤ እኔም ምስጋና እንደሚገባው ሰው ራሴን ነቀነቅሁ።

የባሰው ሰሞኑን መጣ። እናቷ ሱቅ ነበረች። ቤዛ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ከትምህርት ቤት ገባችና ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች።

«አባባ፣ መጣ» አለችኝ።

መጣ። እንግዳ መጣ እንደሚባለው። አላለቀሰችም፤ ልሞት ነው አላለችም። ፌስታሉን ከቁም ሣጥኑ አውጥቼ ሰጠኋት፤ ውኃ ቀዳሁላት፤ ታጥባ እስክትወጣ ሻይ አፈላሁ። ይኸው ነው። ይህን ያህል ብቻ ነበር ለካ! ትንሽ ውኃ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ አትደንግጪ የሚል ሰው። ይታይሽን ይህን ነፍጌ ነው አለንጋ ያቀመስኳት።

ቤዛ ሳትፈራ የመጣችው ወደ እኔ አይደለም። እናቷ ወደ ሠራችው አባት ነው የመጣችው። እኔ ያንን አባት ለብሼ ተቀምጫለሁ፤ እንደዚያ ጋቢ፣ እሷ አጥባ እኔ የለበስኩት።

ለምን ዋሸችልኝ? ለእኔ አዝና ነው፣ ወይስ ልጇ እኔን እንዳትፈራ? አልጠየቅኋትም። ለመጠየቅ መጀመሪያ ያንን ቀን መጥራት አለብኝ። ከሱቅ ስትመለስ አፌን እከፍታለሁ፤ ከዚያ ሻይ አለልሽ እላታለሁ።

አገሩ እንዲህ ነበር አልልም። አላወቅሁም ነበርም አልልም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም፤ የመታሁት እናንተን አይደለም።