ነቃሿ በለጠችና የሥዕል ሣጥኗ

በለጠች ነቃሿን የማያውቅ አንገት ድሬዳዋ ውስጥ አልነበረም። ጣሊያን ወጥቶ፣ ጃንሆይ ተመልሰው፣ ባቡሩም እንደ ልቡ መጮህ በጀመረበት በዚያ ዘመን፣ ከዚራ ሰፈር ለሠርጓ የተነቀሰች ሴት ሁሉ በእሷ መርፌ ሥር አልፋለች። ከሁርሶ ጦር ሰፈር በእረፍት ቀን የሚመጡት ወታደሮችም ክንዳቸው ላይ አንበሳ የሚያስነቅሱት እሷ ዘንድ ነው። አንበሳዋ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ወደ ድመት ታደላለች። ማንም ግን ደፍሮ አልነገራትም፤ መርፌ ከያዘች ሴት ጋር ማን ይጣላል?

አንቱ ሳልላት ማውራቴን አትቀየሙኝ። ድሬ ነው! አንቱታ እዚህ ጣቢያ ሳይወርድ በዚያው ባቡር ጂቡቲ ገብቶ ቀርቷል።

የበለጠች ሀብት አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነበር፤ ክዳኑ ላይ መርከብ የተሣለበት። "ሣጥኔ" ትለዋለች። ውስጡ ያለው ሥዕል ነው። ከጣቃ ጨርቅ ላይ የተላጠ፣ ጣዎስ፣ ዝሆን፣ ነብር ያለበት የፋብሪካ ወረቀት፤ የክብሪት ቀፎ ልባስ፤ አንድ ደብተራ በቀይና በጥቁር የሣለላት ሐረግ። ከሁሉም በላይ የምትሳሳለት ግን ሽፋን የሌለው የፈረንጅ መጽሐፍ ነበራት። ቀፊራ ገበያ አንዲት ቅመም ሻጭ ገጽ እየገነጠለች በርበሬ ስትጠቀልልበት ደርሳ፣ "እግዜር ይይልሽ!" ብላ ከእጇ ነጥቃ ነው ያተረፈችው። ከዳር እስከ ዳር የቅጠልና የአበባ ሥዕል ነው። የፈረንጁን ፊደል ማንበብ አትችልም፤ አንብባውም ቢሆን ምን ልታደርግበት! ገጹ እስከ መጨረሻው እርድ እርድ እንደሸተተ ኖረ።

ደንበኛ ስትመጣ መጀመሪያ እጇን ታስታጥባታለች፣ ከዚያ መጽሐፉን ታስገልጣታለች። "ይሄን? ኧረ ተይ እህቴ፣ ይሄ ለረጅም አንገት ነው። አንቺ ወደዚህ ነይ" ትላለች። የተቀየመችም ብትኖር፣ ሳትነቀስ የሄደች ግን የለችም።

በለጠች የራሷ ልጅ የላትም። ያሳደገችው ተሻለችን ነው። የተሻለች እናት ሕፃን አዝላ ከባቡር ወርዳ፣ እበለጠች ግቢ አንድ ክፍል ይዛ፣ ዓመት ሳይሞላት ወባ ገደላት። የልጅቷ አባት ማን እንደሆነ ቢለምኗትም ሳትናገር ነው የሞተችው። በቃ፣ ልጅቷ እዚያው ቀረች። አደገች፤ አማረች። ክፍሉ የሚባል የባቡር ጥገና ሠራተኛ አይቶ ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ይሄ ሁሉ መልካም ነበር፣ የክፍሉ አባት አቶ ወልደ ማርያም ባይኖሩ።

እሳቸውስ አንቱታ ይወዳሉ፤ አልነፍጋቸውም። ከሸዋ የመጡ፣ ዘር ቆጥረው የማይደክማቸው ሰው ነበሩ። "ልጅቷ ጨዋ ናት፣ እሱን አልክድም" አሉ። "ነገር ግን ሽማግሌ ልኬ 'የማን ልጅ ናት?' ብዬ ባስጠይቅ ማነው የሚመልሰው? ግድግዳው? የኔ ናት ብሎ የሚቀመጥ ወንድ ሳይኖር ሽማግሌ አልልክም።"

"እኔስ? እኔ ያሳደግኋት ሰው አይደለሁም?" አለች በለጠች።

"አንቺማ ሴት ነሽ" አሏት። ከዚያም ጨመሩበት፤ "ደግሞም ነቃሽ።"

በለጠች እንደ እሳት ነደደች። ቤቷ ገብታ ሣጥኗን ከፈተች። አንገቷን ያየ ሰው ስለ አባቷ መጠየቁን እስኪረሳ ድረስ አድርጌ እነቅሳታለሁ አለች በልቧ። መጽሐፉን ከላይ እስከ ታች ገለጠችው፤ ምንም አጣች። ያ ቅጠል የቴሌፎኗ ልጅ አንገት ላይ አለ፤ ያኛው አበባ የጉምሩኩ ሚስት ላይ። ከዚራን አንድ ዞር ብትሉ መጽሐፉ ገጽ በገጽ በሰው አንገት ላይ ሲንሸራሸር ታዩት ነበር። ለተሻለች ያልታየ ነገር ያስፈልጋል።

እንዲህ ግራ ገብቷት ስትዞር ነው የደቻቱን ደረቅ ወንዝ አሸዋ ተሻግራ መጋላ ሰፈር ጫፍ ግመል ተራ የደረሰችው። አንድ ግመል ዘወር ሲል አንገቱን አየች። ቀጥ ያለ መስመር፣ ጫፉ ላይ ክብ፣ ከክቡ ጎን ሁለት አጫጭር ጭረት። እዚያው ቆማ ቀረች። እሷ አገር ከብት ሲታመም በጋለ ብረት ይተኮሳል፤ ግን እንዳገኙ ነው የሚተኩሱት። ይሄ በልክና በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ሌላውን ግመል አየች፤ እሱም ላይ ሌላ ዓይነት። "እናንተዬ! እነዚህ ሰዎች ግመላቸውን ያስነቅሳሉ!" አለች ጮክ ብላ። "ምን ዓይነት ቅንጦት ነው?" ማነው ነቃሹ ብላ ብትጠይቅ የሚሰማት አላገኘችም፤ ባለግመሎቹ ሱማሊኛ እንጂ አማርኛ አያውቁም። የመጀመሪያውን ግመል ምልክት በከሰል፣ በስኳር ወረቀት ላይ ገለበጠችና ሣጥኗ ውስጥ ከመጽሐፉ ጋር አኖረችው። ቅናትም ቢጤ ይዟት ነበር።

የግመል ወተት ሻጯ ጎረቤቷ ዐስሊ በአገሩ ብትኖር ነገሩ እዚያው ላይ ባለቀ ነበር። ዐስሊ ግን ልጇ ወልዳላት ወደ አይሻ ሄዳለች።

በለጠች የኩራዝ ጥላሸት በቅጠል ውሃ በጠበጠች፣ መርፌዎቹን አሰረች፣ ተሻለችን ጭኗ ላይ አስተኛቻት። አንገቷን በቀጫጭን መስመር ከዞረች በኋላ፣ ከግራ ጆሮዋ ዝቅ ብሎ ያቺን መስመር፣ ያቺን ክብ፣ እነዚያን ሁለት ጭረቶች አሳረፈችባት። ተሻለች ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። ቅርፊቱ ሲወድቅ፣ ምን ልበላችሁ፣ በለጠች ራሷ በሥራዋ ፈዘዘች።

ችግሩ የጀመረው ተሻለች ጨው ልትገዛ መጋላ በሄደችበት ቀን ነው። ስትመለስ አንድ ጎፈሬያም ግመል ነጂ ከኋላዋ ተከትሏት መጣ። በእጁ የወተት ዕቃ ይዟል። ወደ ልጅቷ አንገት አመለከተ፣ "ዋበሪ! ዋበሪ!" አለ፣ ወተቱን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

"ምንድነው ይሄ?" አለች በለጠች።

"እኔ ምን አውቃለሁ! ገበያው ሁሉ አንገቴን እያየ አፉን ይይዛል" አለች ተሻለች።

በሳምንቱ ሰውዬው ደግሞ መጣ። የግመል ወተት! ክርስቲያን ቤት! ለዚያውም ዓርብ! እንዳትጠጣው ሃይማኖቷ አይፈቅድም፤ እንዳትደፋው የእግዜር ጸጋ ነው። ለእስላም ጎረቤቶቿ ስታድል ዋለች። በሦስተኛው ፍየል መጣ። በለጠች ፍየሉን አየችው፣ ፍየሉም እሷን አያት፤ ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ ግራ እንደገባው መናገር ያስቸግር ነበር።

እንግዲህ ሌሊትና ቀን ታስብ ጀመር። ተሳስተው ይሆን? ሦስት ጊዜ ማን ይሳሳታል? መድኃኒት አድርገውበት ይሆን? ጎረቤቱ ሁሉ ጠጥቶ ወፍሯል እንጂ ማን ታመመ? በመጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣላት። ይሄ ዋበሪ የሚሉት ሰው ልጅቷን ሊያገባ ነው! ጥሎሽ እያስገባ ነው!

ይሄን ያሰበችው እሷ ብቻ አይደለችም። ወሬው ከመጋላ ከዚራ ለመድረስ ድልድይ አያስፈልገውም። ክፍሉ ዓይኑ ደም መስሎ መጣ። "ለሱማሌ ሽማግሌ ታጭታለች ይላሉ። እውነት ነው? አባቴ ከእንግዲህ ስሟን እንዳታነሣ ብሎኛል።"

ተሻለች ወደ በለጠች ዞራ፣ "ምን ሠርተሽኝ ነው?" ብላ እሪ አለች። "አንገቴ ላይ ምን ጽፈሽብኝ ነው? አባት አልነበረኝም፣ አሁን ባልም አሳጣሽኝ!"

 ምን እንደጻፈች በለጠችስ መች አወቀች!

በማግስቱ ዐስሊ ከአይሻ ተመለሰች። ገና በሩን አልፋ ሰላም ሳትል የተሻለችን አንገት አየች። መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠችና ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ሳቁን አቁማ ራሷን ያዘች።

"ያ አላህ! አቦ በለጠች፣ ምን ነካሽ? ይሄ እኮ የአዴር ዋበሪ ቤት ምልክት ነው። እያንዳንዱ ቤት የራሱ አለው፤ ግመሉ የማን እንደሆነ የሚታወቅበት ነው። የሱን ምልክት ያለ እሱ ፈቃድ ማንም አያደርግም፣ ወላሂ!"

"ታዲያ ልጄን..." አለች በለጠች። "ልጄን ግመል አደረግኋት!"

ዐስሊ አዴር የምትለው እንደ አጎት ስለምታከብረው ነው። ሁለቱን እየጎተተች ወሰደቻቸው። ሽማግሌው ዋበሪ ግመል ተራው አጠገብ ዛፍ ሥር ዱላውን ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። አማርኛውን ከቀፊራ ነጋዴዎች ስለተማረው አጭር አጭር ነው።

"አንቺ ነሽ የወጋሻት?" አላት።

"እኔ ነኝ ጌታዬ። ጌጥ መስሎኝ ነው። ማርያምን፣ ግመሎችህን የምታስጌጥ መስሎኝ ነው።"

ሽማግሌው ወደ ተሻለች አንገት ጠጋ ብሎ ምልክቱን መረመረ። "የወንድሞቼ ልጆች ተቆጡ" አለ። "አንዱ ሌብነት ነው አለ። አንዱ ስድብ ነው አለ። እኔ አሰብኩ። ሌብነት ካልኩ ጠብ ነው። የኛ ናት ካልኩ ወተት መላክ ነው። ወተት ይቀላል።"

በለጠች ትሳቅ ታልቅስ ጠፋባት። "አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ፤ ግን ንቅሳት አይለቅም። ልፍቅልህ ብልም አልችልም።"

"ማን ፋቂ አለሽ? አባቷ የት ነው? ከሱ ጋር ልነጋገር።"

ያችው ጥያቄ! እዚህም ጠበቀቻት።  ተሻለች ናት የመለሰችው። "አባት የለኝም። ማን እንደሆነም አላውቅም።"

ዋበሪ ዱላውን አሸዋው ላይ አዞረ፣ አዞረ። "እኛ ጋ" አለ፣ "ምልክት ያለው ግመል ሲጠፋ፣ ያገኘው ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይመልሳል። ጠላት እንኳ ቢሆን ይመልሳል።" ቀና ብሎ ልጅቷን አያት። "ጠፍተሽ ነበራ?"

ተሻለች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ዋበሪ ራሱ ነገሩን ለክፍሉ አስረድቶ በእሱ በኩል ለአቶ ወልደ ማርያም መልእክት ላከ፤ እዚህ የሚመልስ ሰው አለ፣ ሽማግሌ ይምጣ ብሎ። አቶ ወልደ ማርያም ወሬውን በዓይናቸው ለማየት ሲሉ ከሁለት ሽማግሌ ጋር መጡ። በለጠች ቤት ሲገቡ፣ በአባት ቦታ፣ ነጭ ኩታውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ጢሙን በሒና አቅልሞ ዋበሪ ተቀምጧል። ዐስሊ በሩ ላይ ቆማለች። በለጠች ከዕለቱ ነገር ግማሹ እስካሁንም አልገባትም፤ ሣጥኗን አቅፋ ጥግ ይዛለች።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ እንደ ወጉ ጠየቀ። "ልጅቷ የማን ናት?"

"የኔ" አለ ዋበሪ።

"እንዴት ተብሎ?" አሉ አቶ ወልደ ማርያም።

"አንተ አይታይህም? አንገቷን እይ። ድሬን ሙሉ ብትጠይቅ የማን እንደሆነች ይነግርሃል። ያንተ ዘር እንዲህ ከሩቅ ይታያል?"

አቶ ወልደ ማርያም አንተ መባላቸውን ይቆጡ ወይስ ነገሩን ይመልሱ፣ ሁለቱ ተጋጩባቸው። "ሃይማኖቷስ?" አሉ በመጨረሻ።

"ሃይማኖቷ የራሷ ነው። እኔ ያልኩት የኔ ናት ነው።"

"ይሄ ምልክት... ይፋቃል?"

"አይፋቅም። ግመል ከኔ ቤት ወደ ሌላ ቤት ሲሄድ የኔ ይቀራል፤ ያኛው ቤት የራሱን ከሥር ይጨምራል። ልጅህም የራሱን ይጨምር።" ከዚያ ዱላውን መሬት ላይ መታ አደረገ። "ነገር ግን ስማኝ። ከበደላችኋት፣ የትም ብትሄድ፣ ያያት ሁሉ ወደኔ ይመልሳታል።"

 አቶ ወልደ ማርያም የጠየቁት የኔ ናት የሚል ወንድ ነበር፤ ይኸው ተቀምጧል። ሽማግሌዎቹን አዩ፤ ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። "እንግዲህ..." አሉ፣ "እንግዲህ ምን ይባላል? ስጠን በላ።"

"ሰጠሁ" አለ ዋበሪ።

ሠርጉ ሲቃረብ ተሻለች ከምልክቱ ሥር መስቀል እንዲሆንላት ጠየቀች። በለጠች ሣጥኗን ከፍታ የደብተራውን ሐረግ አወጣች፣ ከመካከሉ መስቀሉን መረጠች፣ ጥላሸቱን በጠበጠች። ልጅቷን እንደ በፊቱ ጭኗ ላይ አስተኝታ መርፌውን ስታስጠጋ ተሻለች እጇን ያዝ አደረገቻት።

"ቀስ በይ እማ" አለቻት። "የአባቴን እንዳትነኪብኝ።"

በለጠች መርፌዋን አስቀምጣ እስኪወጣላት አለቀሰች። መስቀሉም በማግስቱ ነው የተነቀሰው።