ፍራሽ ላይ የተዳኘው የኮሪያ ፊልም

ፊልሙን አንድም ቀን በጸጥታ አይቼው አላውቅም። የትኛው መኪና የት ላይ እንደሚገለበጥ፣ ማን ማንን እንደሚከዳ፣ የትኛው ጥይት የማንን መስተዋት እንደሚሰብር በቃሌ አውቀዋለሁ። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ምን እንደሚባባሉ ግን ዛሬም አላውቅም። ያን ዓመት ጭሮ ውስጥ፣ እኛ ሳሎን ፍራሽ ላይ ጎኑን ያሳረፈ ወንድ ሁሉ ከፊልሙ በላይ ይናገር ነበር።

ባለቤቴ የጫት መኪና ሾፌር ነበር። ከበደሳ ከተማ የተጫነው ጫት ጭሮ ሲደርስ መሪውን ይረከብና አዲስ አበባ ያደርሰዋል። ጫት እንደ ስሚንቶ መንገድ ላይ አያድርም፤ ከጠወለገ የሚያነሳው የለም። ስለዚህ የጫት ሾፌር በፍሬን አይነዳም፣ በክላክስ ነው የሚነዳው። ከሩቅ ይጮኻል፣ ሰውም ከብትም ባጃጅም ከአስፋልቱ ይወርድለታል። እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ ያብዳል፤ እኛ ለምደነዋል። ልጃችን ገና ፊደል ሳትለይ የአባቷን ክላክስ ከሌላው ለይታ ታውቅ ነበር። እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ «አባዬን የሚቀድመው የለም» እያለች ለጓደኞቿ ስትፎክር ስንቴ ሰምቻታለሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን ያ መኪና ከአሰቦት ወዲያ ተገለበጠ። ግመል የምትነዳ ሴት መንገድ ላይ ነበረች፣ እሷን ላለመግጨት ብሎ ነው ከአስፋልቱ የወጣው አሉን። ሴትየዋም ረዳቱም ተረፉ። እሱ እግሩ ውስጥ ብረት ገብቶለት በክራንች ቤቱ ገባ። እኔም አልቅሼ አልቅሼ ስጨርስ በልቤ አንድ ነገር ቆረጥኩ፤ ይህ ሰው ወደዚያ መሪ አይመለስም። ለእሱ ግን አልነገርኩትም። በሽተኛ ላይ አይጮኽም ብዬ፣ ትንሽ ሻል እስኪለው ልጠብቅ አልኩ።

እኔ ስጠብቅ ቤቱ በጠያቂ ተሞላ። በሽተኛ መጠየቅ ደግ ነገር ነው፣ ማንም አይጠላውም። የኛዎቹ ጠያቂዎች ግን ምሳቸውን በልተው ይመጡና ጫታቸውን ዘርግተው፣ ትራሳቸውን አመቻችተው፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ንቅንቅ አይሉም። ሦስቱ የማይቀሩ ነበሩ። አንደኛው በወጣትነታቸው ተሳቢ ሲነዱ የኖሩ አዛውንት ናቸው፤ ከተማዋን እስከ ዛሬ አሰበ ተፈሪ እንጂ ጭሮ ብለው አያውቁም። ሁለተኛው ጎረቤታችን ባለባጃጅ ነው። ሦስተኛው የመኪናው ባለቤት፣ የጫት ነጋዴው። ፊልሙን በፍላሽ ይዞ የመጣው እሱ ነው። «ኦቦሌቲ፣ ወንድማችን እንዳይደብረው» ብሎ በእጄ ሰጠኝ። ኦቦሌቲ ማለት እህቴ ማለት ነው፤ እህትነቱን አምኜ ተቀበልኩት።

ፊልሙ የኮሪያ ነው። ሁለት ወንድማማቾች አሉ፤ ታናሹ ለኮንትሮባንድ ነጋዴ ይነዳል፣ ታላቁ ለፖሊስ። ታሪኩ የዛሬ አርባ ዓመት ገደማ፣ ወታደር በሚገዛበት ዘመን የሆነ ነው። መኪኖቹ ማዕዘናም፣ የሰዎቹ ሱሪ ከታች ሰፋ ያለ፣ ስልኩ ሁሉ ባለገመድ። ይህን የተረዳሁት በዓይኔ ነው እንጂ በጆሮዬ አይደለም። ተርጓሚው፣ ያ በፊልሙ ላይ ድምፁን የሚጭነው ሰውዬ፣ ስለ ዘመኑ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ይልቅ ኮሪያን አንስቶ እኛ አገር አምጥቷታል። መኪናው ዳገት ሲጀምር «ወደ ሚኤሶ ኬላ እየገሰገሰ ነው!» ይላል። ፖሊስ ሲያስቆመው ገና አፉን ሳይከፍት «ኬላውን ሊጥሰው ነው፣ እዩት» ብሎ ይነግረናል። ፊልም ሠሪዎቹ ደክመው የደበቁትን ይህ ሰውዬ ሁልጊዜ ቀድሞ ይዘረግፈዋል።

የመጀመሪያው ጠብ የተነሳው በስልክ ነው። ታላቅየው ወንድሙን ሊያስጠነቅቅ ከተማውን አቋርጦ እየከነፈ ሳለ ባለባጃጁ «ደውሎ አይነግረውም እንዴ?» አለ። ያን ጊዜ ሞባይል እንዳልነበረ፣ ፊልሙ ያለፈ ዘመን ታሪክ እንደሆነ አስረዳሁት። መምህር ስለሆንኩ ማስረዳት ይቀናኛል። ባለባጃጁ ስቆ፣ የድሮ ፊልም ብዥ ያለ ነው፣ ይሄ ግን የሰውየው ጺም እንኳ አንድ በአንድ ይታያል አለኝ። አዛውንቱ እነዚያን የመሰሉ መኪኖች ራሳቸው ከድሬዳዋ አሰበ ተፈሪ ድረስ መንዳታቸውን ከተናገሩ በኋላ፣ ወይ ዘመኑ የድሮ ነው ወይ ኮሪያ ድሃ ናት ብለው ነገሩን መሃል ላይ ተዉት። ነጋዴው ጫቱን ቀንጥሶ «ኔትወርክ ተዘግቶባቸው ነዋ» አለ። አለቀ። ሁሉም በአንድ አፍ ተስማሙ። ኔትወርክ የተዘጋበት ሰው ምን እንደሚሆን ስለሚያውቁ ለኮሪያዎቹ ከልባቸው አዘኑ። እኔ ፈተና ወረቀቴን ይዤ ጥግ ላይ ተቀምጬ ጥርሴን አፋጨሁ።

ይሄ እንኳ ያስቃል። ያቃጠለኝ የፍሬኑ ነገር ነው።

እነሱ ለፊልሙ ሕግ አውጥተውለታል። ማሳደዱ ሲጀመር ዓይናቸው የሰው ፊት ላይ አይደለም፤ የመኪናው ቂጥ ላይ ነው። ከኋላ ቀዩ መብራት ቦግ ካለ ሾፌሩ ፍሬን ይዟል ማለት ነው፣ ፍሬን ከያዘ ፈሪ ነው። ሪሞቱን የያዘው ባለባጃጁ ነው፤ ወደኋላ መልሶ እያስቆመ ያሳያቸዋል። ታናሽየው ገደል አፋፍ ላይ ያለችውን ኩርባ ሲዞር መብራቱ በርቶ ነበር አልበራም በሚል አንድ ከሰዓት ሙሉ ተጨቃጭቀዋል። የወንድማማቾቹ እናት በሩ ላይ ቆማ ስታለቅስ ግን ማንም ወደኋላ መልሶ አያያትም። እንዲያውም እሷ ስትመጣ ውሃ ጠጥተው፣ ትራስ አስተካክለው፣ ያላለቀውን የኩርባውን ጉዳይ ይቀጥላሉ። አንድ ቀን ትዕግስቴ አልቆ፣ ይህች ሴት ሁለት ልጆቿ ሊገዳደሉባት ነው፣ ለአፍታ እንኳ ምን እንደምትል እንስማ ብዬ ለመንኳቸው። ባለባጃጁ በትሕትና «እትዬ፣ እሷኮ አትነዳም» አለኝ።

ባለቤቴ በዚህ ሁሉ መሃል ዝም ይላል። አስተያየት ስጥ ሲሉት ፈገግ ብሎ ያልፋል። እኔ ዝምታውን አልወደድኩትም። ሰው ዝም ብሎ የሚያየው የናፈቀውን ነው ብዬ አሰብኩ። ነጋዴውም እንደኔ ሳያስብ አልቀረም፤ ቀስ በቀስ ነገር ጣል ማድረግ ጀመረ። መኪናው ተሠርቶ አልቋል፣ ቀለም እንኳ ተቀብቷል ይላል። በሱ ምትክ የቀጠረው ሾፌር እንደ አህያ እንደሚሄድ፣ ገበያው ሁልጊዜ ከተበተነ በኋላ እንደሚደርስ ያማርራል። ከዚያ ወደ ቲቪው ያይና «ይሄ ልጅ ቁርጥ አንተን ነው» ይለዋል። ያኔ ነው የገባኝ። ለካ ያ ፍላሽ ለመደበሪያ አልመጣም። ሰውዬው ባሌን በየቀኑ ከሰዓት በፊልም እያባበለ መሪ ላይ ሊመልስብኝ ነው፣ ያውም በኔ ቤት፣ በኔ ቲቪ፣ እኔ የምቀዳውን ውሃ እየጠጣ።

አንድ ሐሙስ ቀን ነጋዴው ቁልፉን ይዞ መጣ። አልደበቀውም። ፍራሹ ላይ፣ ጫቱ አጠገብ አስቀመጠው። ሐኪሙ ከወር በኋላ ክራንቹን ይጥላል ካለ፣ ለበዓል ገበያ መድረስ ይችላል ብሎ ለሁላችንም አስረዳ። ፊልሙ እንደ ልማዱ ተከፍቷል፣ ማሳደዱም ተጀምሯል። እኔ ቁልፉን ላለማየት ዓይኔን ወደ ባለቤቴ እግር መለስኩ። ደህናው፣ ቀኝ እግሩ፣ ከጋቢው ስር ወጥቶ ነበር። መኪኖቹ ኩርባው ላይ ሲደርሱ ያ እግር ወደ ፊት ተዘረጋና የፍራሹን ጠርዝ ረገጠው። ደግሞ ረገጠው። ጣቶቹ እስኪነጡ።

ለወራት የዋጥኩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። ተነስቼ ቲቪውን ከሶኬቱ ነቀልኩት።

«እግርህን አይቼዋለሁ» አልኩት። «ገና በክራንች ቆመህ ነዳጅ ትረግጣለህ? በሳጥን ካልመጣህልኝ አይበቃህም?»

ሦስቱም አቀረቀሩ። እሱ ጋቢውን እግሩ ላይ ሊመልስ ሞከረና ተወው።

«ነዳጅ አይደለም» አለ። «ፍሬን ነው።»

ከዚያ ወደ ነጋዴው ዞረ።

«የዛን ቀን ክላክሱን ነው የተጫንኩት። እየጮኽኩ ቀረብኳት። ሴትየዋ ግመሎቿን ጥላ አትሮጥ ነገር፣ ቆማ አየችኝ። ፍሬን መኖሩ ትዝ ሲለኝ በጣም ቀርቤ ነበር። ከዚያ ወዲህ መኪና ባየሁ ቁጥር እሱኑ ነው የምረግጠው። ፊልም ላይም፣ ህልሜ ላይም። ቁልፉን ውሰደው ወንድሜ። እኔ እፈራለሁ።»

በዚያ መንገድ ላይ እፈራለሁ ያለ የጫት ሾፌር ሰምቼ አላውቅም። እነሱም አልሰሙም። ነጋዴው ቁልፉን አንስቶ ኪሱ ከተተው፤ ፊቱ ላይ ንዴት አላየሁም። ባለባጃጁ፣ ያ ሁሉ አስተያየት የነበረው ሰው፣ የጫት እንጨት እየሰበረ መሬት መሬት ያያል። እኔ ደግሞ የፈለግሁት እጄ ገብቶ ደስ አላለኝም። ባሌ ተመልሶ አይነዳም፣ ለዚህ ነበር ስለት ስሳል የከረምኩት፤ ሰው ፊት እንዲህ ሆኖ እንዲሰጠኝ ግን አልተሳልኩም።

መጀመሪያ የተናገሩት አዛውንቱ ናቸው። ፈራ የተባለ ሾፌር በአሰበ ተፈሪ ስሙ እንደማይነሳ፣ ነገ የጋራዥ ሥራ እንኳ ቢፈልግ መሳቂያ እንደሚያደርጉት ለሁለቱ ነገሯቸው። ወላሂ፣ ከዚህ ቤት የሰማችሁት ከዚህ ቤት አይወጣም አሉ። ለጠየቀ ሰው ሁሉ፣ ይነዳ ነበር ሚስቱ ከለከለችው በሉ አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ስሙን ብትሸከሚለት ይከብድሻል?»

«አይከብደኝም፣ እርስዎ እንዳሉ» አልኳቸው።

ይከብዳል። ወሬ የማይቋጥሩ ሰዎች ያችን አንድ ቃል እስከ ዛሬ ቋጥረዋታል፣ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። የኔን ወሬ ግን እንደ ጫት መኪና ነዱት፣ ፍሬን የሚባል ነገር የለም። ባለባጃጁ ተሳፋሪ በጫነ ቁጥር እያሳመረው፣ ቁልፉን ሽንት ቤት ከትቼዋለሁ አለ። ገበያ ስወጣ ሽንኩርት ሻጯ፣ ወንድ ልጅን ከእንጀራው ማስተጓጎል ምን ይባላል ብላ ገሠጸችኝ። ለፍቺ ክስ መሥርቼ እንደነበር የነገረኝ ደግሞ የገዛ ርዕሰ መምህሬ ነው። ፊልሙን እንኳ ያላየ ሰው በኔ ላይ ይፈርዳል። አንዳንዴ መሃል ገበያ ቆሜ እውነቱን ልናገረው ያምረኛል። ዘንቢሌን አንስቼ፣ እያጉረመረምኩ ቤቴ እገባለሁ።

ባለቤቴ አሁን መለዋወጫ ሱቅ ይሠራል። ክራንቹን ጥሏል፣ ትንሽ ያነክሳል። ባለፈው ከሥራ መጥቶ እራት ስንበላ ልጃችን ሳትበላ ቁጭ አለች። የክፍሏ ልጆች አባትሽ በሚስት የሚታዘዝ ነው ብለዋት ኖሯል። እንባዋን እየዋጠች ቀና ብላ አየችኝ።

«እማዬ፣ አባዬ እንዳይነዳ የከለከልሽው አንቺ ነሽ?»

እሱ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። አፉን ሊከፍት ሲል አየሁት፤ ሊነግራት ነበር። ቀደምኩት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኳት።

ልጄ ሳህኑን ገፍታ ተነሳች፣ እስከ ዛሬም ልቧ አልተመለሰልኝም።