የእሁድ ከሰዓት ጥቁር ፊልም

እሁድ ከሰዓት በኮንዶሚኒየማችን የጋራ ቤት መስኮቶች ላይ ብርድ ልብስ እሰቅልና በፕሮጀክተር የድሮ ጥቁርና ነጭ የወንጀል ፊልም አሳያለሁ። ድምፁን ቀንሼ፣ ማይክ ይዤ፣ ለእያንዳንዱ ተዋናይ በአማርኛ እናገርለታለሁ። ድሮ ቪዲዮ ቤት የገባ ሰው ይህን ሥራ ያውቀዋል፤ አስተርጓሚው ካልጣመ ፊልሙም አይጥምም።

ጣጣው የፊልሞቹ መጨረሻ ነው። ሰውየው በሴት ወይም በገንዘብ ይታለልና አያምርለትም፤ ይሞታል። የጋራ ቤቱን ቁልፍ የሚሰጡኝ የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ አንድ ቀን ጠሩኝ። «እህቴ፣ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ደክሞ ነው የሚመጣው። ተርጓሚዋ አንቺ አይደለሽ? ታክሞ ዳነ በይልን» አሉኝ። ፈሪ ነኝና እሺ አልኩ።

በቀጣዩ እሁድ ጥይት የበላው ሰው መኪናው ውስጥ ጭንቅላቱን ሲደፋ፣ «ሆስፒታል ወስደውት ዳነ፤ እሷንም አገባት» አልኩ። ጭብጨባው ደመቀ። ስንወጣ ግን ከጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ አንድ አባት ክንዴን ያዙኝ።

«የኔ ልጅ፣ ሰውየው ሲሞት ፊቱን አየሁት እኮ» አሉ። «የማይመስል ነገር ለሚስትህ አትንገር ይባላል። ሠላሳ ዓመት ፈረቃ የገባሁ ሰው ነኝ፤ እንደ ሕፃን አታባብይኝ።»

አፈርኩ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

በማግስቱ ሰብሳቢው ዘንድ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ከእነዚህ ፊልሞች ሠሪዎች ብዙዎቹ ነፍሳቸውን ለማዳን ከአውሮፓ ሸሽተው አሜሪካ የገቡ ናቸው። የሸሹትን መከራ ጥላ ይዘው ነው የመጡት። ታሪኩን ከርካሽ የወንጀል ልብወለድ ወሰዱ፤ በጀት ሲያንሳቸው መብራቱን ቀነሱ። ስሙን ያወጡት እንኳን ፈረንሳዮች ናቸው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አይተው ‹ፊልም ኑዋር› አሉት፣ ጥቁር ፊልም። ሁሉም ይስተካከላል እየተባለ በሚሰበክበት አገር፣ አይስተካከልም ያሉ ሰዎች ሥራ ነው። ዛሬም የሚታየው ለዚህ ነው።»

«ትምህርቱ ጥሩ ነው» አሉኝ። «ቁልፉን ከፈለግሽ ግን ሰውየው ይዳን።»

በጣም ተናደድኩ። እኛ እኮ ፋብሪካ ሲዘጋ ያየን፣ ነገ ይመጣል የሚባለውን ውሃ በጀሪካን የምንጠብቅ ሰዎች ነን። ደስ የሚል ውሸት ከየትም አናጣም። የምናውቀውን እውነት ሳይሸፍን የሚያሳየን ነው የጠፋው፤ ይህን ደግሞ ለቁልፍ ብዬ አልሸጠውም።

ባለፈው እሁድ ሰብሳቢው ቁልፉን ሰጥተውኝ ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። በመጨረሻ የፊልሙ መርማሪ ጥይት ተመቶ ደረጃ ላይ ወደቀ። ማይኩን ወደ አፌ አስጠግቼ «ሞተ» አልኩ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

ማንም አላጨበጨበም፤ ማንም ግን ከወንበሩ አልተነሳም። ጡረተኛው አባት ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሰብሳቢው ወደኔ መጥተው እጃቸውን ዘረጉ።

ቁልፉን ሰጠኋቸው። የሞተውን ሰው ግን አላስነሳሁላቸውም።